ዕረፍቱን ማን ቆጠረ? የራግቢ የዓለም ዋንጫ መርሃ ግብርና የፍትሃዊነቱ ጥያቄ



ባለፈው ሴሚስተር በስፖርት ጋዜጠኝነት ኮርስ መምህራችን «አንባቢ የማያውቀውን ስፖርት አስረዱ» የሚል አሳይመንት ሰጥተውን ነበር። የስፖርቶቹ ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ ዕጣ ወጣ። ለጓደኞቼ ቴኒስ፣ ብስክሌት፣ ዋና ምናምን ሲደርሳቸው ለእኔ ራግቢ ወጣልኝ። እውነቱን ልናገርና በጣም ነበር የተናደድኩት። ስለ ራግቢ የማውቀው ኳሷ እንቁላል መምሰሏንና ሰዎቹ እርስ በርስ መላተማቸውን ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር ገጠመኝ። በግቢያችን የዲፓርትመንቶች እግር ኳስ ውድድር ላይ ለማስታወቂያ ሰሌዳው አጫጭር ዘገባ እጽፍ ነበር። አንዱ ቡድን 4 ለ 0 ሲሸነፍ «የአካል ብቃት ችግር በግልጽ ታይቶበታል» ብዬ ጻፍኩ። የቡድኑ አምበል የዶርም ጓደኛዬ ነው። ማታ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና «ስማ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስተኛ ጨዋታችን መሆኑን ቆጥረሃል?» አለኝ። አልቆጠርኩም። ያሸነፏቸው ልጆች ሳምንት ሙሉ አርፈው ነበር የመጡት። መርሃ ግብሩ ደግሞ እኔ ዘገባዬን በለጠፍኩበት ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ተለጥፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የራግቢ አሳይመንቴን ሳነብ ዓይኔን የሳበው ነገር የጨዋታው ሕግ ሳይሆን ይኸው የቀን ቆጠራ ጉዳይ ሆነ። የራግቢ ዓለም በዚህ ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቅ ቆይቷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ በዓለም ዋንጫው የሚጫወቱት በአንድ ወገን 15 ተጫዋቾች ናቸው፤ ጨዋታው 80 ደቂቃ ይፈጃል። ኳሱን ይዞ ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር በኋላ መሬት ያስነካ «ትራይ» አስቆጠረ ይባላል፤ 5 ነጥብ ያስገኛል። በምድብ ጨዋታ ያሸነፈ 4፣ አቻ የወጣ 2 ነጥብ ያገኛል። አራት ትራይና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለው፤ በሰባት ነጥብና ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም እንዲሁ። ለዛሬ ይህን ካወቅን ይበቃናል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 2015፣ ብራይተን፣ እንግሊዝ። ጃፓን ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 አሸነፈች። ጃፓን ከዚያ ቀን በፊት በዓለም ዋንጫ ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1991 ከዚምባብዌ ጋር ያደረገችው ነው። በመጨረሻው ደቂቃ ቅጣት ምት መትታ አቻ መውጣት ስትችል «አይሆንም፣ እናሸንፋለን» ብላ ትራይ ፍለጋ ሄደች፤ አገኘችም። ዓለም ጉድ አለ። ዳዊት ጎልያድን ጣለ የሚለው ተረት በየጋዜጣው ተጻፈ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 23፣ እነዚያው ጃፓኖች ግሎስተር ላይ ከስኮትላንድ ጋር ተጋጠሙ። ለስኮትላንድ ይህ የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ነበር። ሲያርፉና ሲዘጋጁ ከርመው ነው የመጡት። ጃፓኖቹ እስከ ዕረፍት ድረስ ታግለው 12 ለ 7 ብቻ ነበር የሚመሩት፤ ከዕረፍት እንደተመለሱም ወደ 12 ለ 10 አጠበቡት። ከዚያ ግን ጉልበት የሚባለው ነገር ከዳቸው። ስኮትላንድ በሁለተኛው አጋማሽ አምስት ትራይ አስቆጥራ 45 ለ 10 አሸነፈች።

ጃፓን ሳሞአንና አሜሪካን አሸንፋ በ12 ነጥብ ምድቡን ጨረሰች። ደቡብ አፍሪካ በ16፣ ስኮትላንድ በ14 አለፉ። በዓለም ዋንጫ ታሪክ በምድብ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ የወደቀ የመጀመሪያው ቡድን የጃፓን ነው። ያቺ የአራት ቀን ልዩነት ባትኖር ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር ወይ? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ የተሻለው ቡድን ማን እንደሆነ ለማወቅ ውድድር አዘጋጅተን፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላም ያንኑ እየጠየቅን ነው።

አንድ ነገር ላስተካክል። «የአራት ቀን ዕረፍት» ሲባል የምንሰማው አሳሳች ነው። ከ19 እስከ 23 ያለው ልዩነት አራት ይሁን እንጂ በመካከል ያሉት ሙሉ ቀናት 20፣ 21 እና 22 ናቸው፤ ሦስት ብቻ። ከእነሱ ላይ ደግሞ የጉዞውንና የልምምዱን ጊዜ ቀንሱ።

ለመሆኑ ይህ ነገር ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ተራ ሂሳብ ነው። ከ2003 እስከ 2023 ድረስ የዓለም ዋንጫው 20 ቡድኖች በአራት ምድብ፣ በየምድቡ አምስት አምስት ሆነው ይጫወቱ ነበር። አምስት ጎዶሎ ቁጥር ነው። በየዙሩ ሁለት ጨዋታ ሲደረግ አንዱ ቡድን ቁጭ ብሎ ያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አራት ጊዜ ለመጫወት አምስት ዙር ያስፈልጋል። በ2011፣ በ2015 እና በ2019 የምድቡ ጨዋታ የተጠናቀቀው በ24 ቀን ውስጥ ነው። አምስት ዙር በ24 ቀን ሲካፈል በየዙሩ መካከል ስድስት ቀን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ አንዱ በየሳምንቱ ልጫወት ካለ፣ ሌላው መጠጋጋት አለበት ማለት ነው። ዳቦው አንድ ነው፤ አንዱ ጠርቀም አድርጎ ከቆረሰ ለሌላው ፍርፋሪ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ሂሳብ አይደለም፤ ቴሌቪዥን ነው። የዓለም ራግቢ አስተዳዳሪ (በፊት ዓለም አቀፉ የራግቢ ቦርድ፣ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ወርልድ ራግቢ) አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከወንዶች የዓለም ዋንጫ ነው። የስርጭት መብት የሚገዙት ጣቢያዎች እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ኒውዚላንድን የመሰሉ ቡድኖች ሰው ቤቱ በሚውልበት ቅዳሜና እሁድ እንዲጫወቱላቸው ይፈልጋሉ። የሳምንቱ መካከል ደግሞ ባዶ እንዳይሆን በሌላ ጨዋታ መሞላት አለበት። በማን? መልሱን ለማግኘት ካላንደር ገልጬ ቆጠርኩ። በ2003 ጣሊያን ከቶንጋ፣ ረቡዕ። በ2011 ሳሞአ ከናሚቢያ፣ ረቡዕ። በዚያው ዕለት ጆርጂያ ከስኮትላንድ። በ2015 ጃፓን ከስኮትላንድ፣ ረቡዕ። እኛ አገር ረቡዕ የጾም ቀን ናት፤ ለራግቢ ትንንሽ አገሮችም እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም።

ለአዘጋጆቹም ፍትሃዊ ልሁንና፣ ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ከቴሌቪዥን የሚገኘው ገንዘብ ለትንንሾቹ አገሮች ድጋፍም ይሄዳል፤ ትልልቆቹ በረቡዕ ተጫውተው ገቢው ቢቀንስ የሚጎዱት እነዚያው ትንንሾቹ ናቸው ይላሉ። ይሁን። ግን «የምንረዳችሁ እናንተን በማድከም በምናገኘው ገንዘብ ነው» ብሎ ለተጫዋቹ ፊት ለፊት መንገር ይቻላል? እኔ እንጃ።

በ2003 አውስትራሊያ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። አርጀንቲና ኦክቶበር 10፣ 14፣ 22 እና 26 ተጫወተች። አየርላንድ ደግሞ 11፣ 19 እና 26። ሁለቱ 26 ላይ ሲገናኙ አንዷ ከሰባት፣ ሌላዋ ከአራት ቀን በኋላ ነው የመጡት። አየርላንድ 16 ለ 15 አሸነፈች፤ አርጀንቲና በአንድ ነጥብ ተሸንፋ ወደ ቤቷ። በዚያው ውድድር ጣሊያን በ15 ቀን ውስጥ አራቱንም ጨዋታዎቿን ጨርሳለች። ወሳኙን የመጨረሻውን ያደረገችው በየሳምንቱ ስትጫወት ከነበረችው ከዌልስ ጋር ሲሆን፣ 27 ለ 15 ተሸነፈች።

ስለ ሳሞአ ግን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የእኛን ሙያ ይነካል። በ2011 ኒውዚላንድ ላይ ሳሞአ ሴፕቴምበር 14 ናሚቢያን አሸንፋ፣ 18 ላይ ከዌልስ ተጋጠመች። ዌልስ ከዚያ በፊት የተጫወተችው 11 ላይ ነበር፤ ሰባት ቀን። ዌልስ 17 ለ 10 አሸነፈች። የሳሞአው ተጫዋች ኤሊዮታ ፉይማኦኖ ሳፖሉ በንዴት ትዊተር ላይ የመርሃ ግብሩን አድልዎ ከባርነትና በአይሁዶች ላይ ከተፈጸመው የጅምላ ፍጅት ጋር አመሳሰለው። ንጽጽሩ ከልክ ያለፈ እንደነበር አያከራክርም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው የሚገርም ነው። የዓለም ጋዜጠኛ በሙሉ ስለ ንጽጽሩ ጻፈ፤ አዘጋጆቹ በዲሲፕሊን ጉዳይ ተጠመዱ። ሰውየው ያነሳው ነጥብ፣ ማለትም የአራትና የሰባት ቀን ነገር፣ ከጩኸቱ ሥር ተቀበረ። አንድ ሰው እውነት የሆነን ነገር በመጥፎ ቃል ሲናገር የምንዘግበው ቃሉን ነው ወይስ ነገሩን? ሁለቱንም መሆን ነበረበት ባይ ነኝ። ናሚቢያ ደግሞ በዚያው ውድድር በ17 ቀን አራት ጨዋታ አድርጋ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ በደቡብ አፍሪካ 87 ለ 0፣ በአራተኛው ቀን ደግሞ በዌልስ 81 ለ 7 ስትሸነፍ ያን ያህል የጮኸላት አልነበረም።

«ታዲያ ሦስት ቀንም ቢሆን ካረፉ ምን አላቸው? ወጣቶች አይደሉም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ራግቢ ግን የመላተም ጨዋታ ነው። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው እየሮጠ ሲመጣ በትከሻህ ታስቆመዋለህ፤ ያንን በ80 ደቂቃ ውስጥ ደጋግመህ ታደርገዋለህ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ራሱ ሥራ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የጭንቅላት ግጭት አለ። በ2015 በነበረው ደንብ ጭንቅላቱን ተመትቶ መናወጥ የደረሰበት ተጫዋች ደረጃ በደረጃ ወደ ጨዋታ እስኪመለስ ቢያንስ ስድስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ልብ በሉ፤ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ቀን እኩል ቢጎዱ፣ ቡድኑ በሰባተኛው ቀን የሚጫወተው የመመለስ ዕድል አለው፤ በአራተኛው ቀን የሚጫወተው ግን በደንቡ መሠረት በፍጹም አይሰለፍም። አንድ ዓይነት ጉዳት፣ የተለያየ ቅጣት።

የተጫዋች ብዛትም አለ። ትልልቆቹ አገሮች አሰላለፋቸውን ከሞላ ጎደል ቀይረው ሁለተኛ ቡድን ማሰለፍ ይችላሉ። ለትንንሾቹ ሁለተኛ ቡድን የሚባል ነገር የላቸውም፤ ያው አንዱ ነው ያለቻቸው። ስለዚህ ሁለቱም እኩል አራት ቀን ቢሰጣቸው እንኳ እኩል አልተጎዱም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የራሴን ክርክር ልፈትነው። ያው የ2015ቱ ውድድር ላይ ምርጡ መርሃ ግብር የነበራት አስተናጋጇ እንግሊዝ ነበረች፤ ሁሉም ጨዋታዎቿ ዓርብ ወይም ቅዳሜ፣ በመካከላቸውም ስምንት፣ ሰባት፣ ሰባት ቀን። ግን በዌልስ 28 ለ 25፣ በአውስትራሊያ 33 ለ 13 ተሸንፋ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ዕረፍት ብቻውን አያሸንፍም። ደግሞም ደቡብ አፍሪካ ራሷ በዚያ ውድድር አንድ የአራት ቀን ክፍተት ነበራት፤ ከስኮትላንድ በኋላ ከአሜሪካ ጋር፤ 64 ለ 0 አሸነፈች። ስለዚህ ቁምነገሩ አጭር ክፍተት መኖሩ ብቻ አይደለም፤ ከማን በፊት ወደቀ ነው። አሜሪካኖቹ ከዚያች የ64 ነጥብ ጨዋታ በኋላ በአራተኛው ቀን ነበር ከጃፓን ጋር የተጋጠሙት። ጃፓን አሁን ስምንት ቀን አርፋ! 28 ለ 18 አሸነፈች። በመርሃ ግብሩ የተበደለችው አገር፣ በዚያው መርሃ ግብር ተጠቀመች ማለት ነው።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተገለበጠው በ2019 ነው። አስተናጋጇ ጃፓን ስትሆን ተጋጣሚዋ ያችው ስኮትላንድ ነበረች። ጃፓን ኦክቶበር 5 ከሳሞአ ተጫውታ ስምንት ቀን ቆየች። ስኮትላንድ ኦክቶበር 9 (ረቡዕ ነው፣ እንዳትረሱ) ሩሲያን 61 ለ 0 አሸንፋ 13 ላይ ዮኮሃማ ገባች። ስኮትላንዶች ዋና ተጫዋቾቻቸውን ከሩሲያው ጨዋታ አሳርፈው ነበር፤ ሌላ ቡድን የማሰለፍ አቅም ስላላቸው። ቢሆንም ጃፓን 28 ለ 21 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ከአራት ዓመት በፊት ስለ አራቱ ቀን ትከሻውን የነቀነቀ ስኮትላንዳዊ ካለ፣ ያን ምሽት ጣቱን ሳይቆጥር አልቀረም።

ያ ጨዋታ ራሱ ሊሰረዝ ምንም አልቀረውም ነበር። ሃጊቢስ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ኦክቶበር 12 ጃፓንን መታ። ሦስት ጨዋታዎች ተሰርዘው 0 ለ 0 አቻ ተብለው ተመዘገቡ፤ ለሁሉም ሁለት ሁለት ነጥብ። የሰው ሕይወት ባለፈበት ቀን ጨዋታ መሰረዙ ትክክል ነው። ሌላ ቀን የማዛወሪያ ቦታ በመርሃ ግብሩ አለመኖሩ ግን ቀድሞ የተሠራ ስህተት ነው። ኒውዚላንድን ማሸነፍ ግድ ይላት የነበረችው ጣሊያን ሳትጫወት ወደቀች። አምበሏ ሰርጂዮ ፓሪሴ «ነጥቡ የሚያስፈልጋት ኒውዚላንድ ብትሆን ኖሮ አይሰረዝም ነበር» የሚል ቅሬታ አሰማ። እኔን የበለጠ ያሳዘነኝ ሦስተኛው ነው። ናሚቢያና ካናዳ፣ በ2011 ሱናሚ በወደመችው በካማይሺ ከተማ ሊጫወቱ ነበር። ናሚቢያ በዓለም ዋንጫ አንድም ጨዋታ አሸንፋ አታውቅም፤ ከምድቧ ውስጥ አሸንፋለሁ ብላ ተስፋ የምታደርገው ይህችኑ ነበር። በዚያ ውድድር ነጥብ ያገኘችው ባልተካሄደ ጨዋታ ብቻ ሆነ። የካናዳ ተጫዋቾች ጨዋታው ሲቀር አካፋ ይዘው ወጥተው የከተማውን ጭቃ ጠረጉ።

በመጨረሻ ለውጥ መጣ። በ2021 መጀመሪያ ወርልድ ራግቢ ለ2023ቱ የፈረንሳይ ውድድር እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ጨዋታ መካከል ቢያንስ አምስት ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዲኖረው ወሰነ። ለዚህም ውድድሩ በአንድ ሳምንት ተራዘመ፤ የቡድን አባላት ቁጥርም ከ31 ወደ 33 አደገ። ይቻል ነበር ማለት ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ «አይቻልም» ሲባል የነበረው ነገር በአንድ ሳምንት ተፈታ።

እኔ ግን መቁጠር ለምዶብኛልና የ2023ንም ቆጠርኩ። ናሚቢያ፦ ሴፕቴምበር 9፣ 15፣ 21፣ 27። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የተፈቀደው ዝቅተኛው ክፍተት። ፈረንሳይም አንድ ጊዜ ዝቅተኛው ደርሷታል፤ በኋላ ላይ ግን ከሴፕቴምበር 21 እስከ ኦክቶበር 6 አረፈች። ዝቅተኛው ወለል ለሁሉም እኩል ተሠርቷል፤ ወለሉ ላይ ማን እንደሚተኛ ግን ብዙም አልተቀየረም።

ሌላም ሾልኮ ያመለጠ ጉዳይ ነበር። የ2023ቱ የምድብ ዕጣ የወጣው በዲሴምበር 2020፣ በ2020 መጀመሪያ በነበረው ደረጃ መሠረት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ውድድሩ ሲጀመር የዓለም ምርጥ አምስት ቡድኖች በሁለት ምድብ ታጭቀው ተገኙ፤ እነዚያ ሁለት ምድቦችም በሩብ ፍጻሜ እርስ በርስ ይገናኙ ነበር። አየርላንድ በኒውዚላንድ 28 ለ 24፣ ፈረንሳይ በደቡብ አፍሪካ 29 ለ 28 ተሸንፈው ሲወጡ፣ ብዙ ሰው «ፍጻሜ መሆን የነበረበት» ብሎ አዝኗል።

በ2027 በአውስትራሊያ የሚካሄደው ውድድር በ24 ቡድን፣ በስድስት ምድብ፣ በየምድቡ አራት አራት ነው። ዕጣውም የወጣው በዲሴምበር 2025 ነው፤ ለውድድሩ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቀረው። አራት ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ቁጭ ብሎ የሚያይ ቡድን የለም፤ ሁሉም ሦስት ጨዋታ ይኖረዋል። ትልቁ ቁስል በዚህ ይድናል ብዬ አምናለሁ። አዲስ ጥያቄ ግን ይዞ መጥቷል። ከስድስቱ ሦስተኛ ከወጡት መካከል አራቱ ያልፋሉ። ምድቡን ቀድሞ የጨረሰ ቡድን በነጥብ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚጫወተው ስንት ትራይ እንደሚበቃው አውቆ ወደ ሜዳ ይገባል። እግር ኳስ ወዳዶች በ1982 አልጄሪያ አንድ ቀን ቀድማ ስለጨረሰች ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ 1 ለ 0 ተጫውተው እንዴት እንደጣሏት ታስታውሳላችሁ። በዚያ ምክንያት ነው የዓለም ዋንጫ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚካሄዱት። ስድስት ምድብ በአንድ ሰዓት ማጫወት ግን የትኛው ቴሌቪዥን ይስማማል?

የዶርም ጓደኛዬን በሚቀጥለው ዘገባዬ ላይ በይፋ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «አሁን ገና ሰው ሆንክ» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። የዘንድሮው የዲፓርትመንቶች መርሃ ግብር ባለፈው ሰኞ ተለጥፏል። ሄጄ ቆሜ ቆጠርኩት። አሁንም አምስት ቡድን ነው። የእኛ ዲፓርትመንት ሐሙስ ተጫውቶ ቅዳሜ ይደግማል፤ ለኮሚቴው ደብዳቤ አስገብቻለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።